ጠበል ከጀመረ ክኒኑን ይተው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ እንቅልፍ አጣ። ቀስ በቀስ ለብቻው ማውራት፣ «ይሰድቡኛል» እያለ ከሌለ ሰው ጋር መጣላት ጀመረ። ሆስፒታል ወስደነው መድኃኒት ታዘዘለትና ተሻለው። በኋላ ጠበል ስናስገባው እዚያ ያሉ ሰዎች «ክኒን ከጠበል ጋር አይሄድም፤ እምነት ጎድሏችሁ ነው» ብለው አስጣሉን። አሁን ብሶበታል። እናቴ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትዘጋበታለች። ለእህቴ ሽማግሌ ሊላክ ስለሆነ «በዘራቸው አለ» እንዳይባል ፈርታ ነው። መድኃኒቱን መልሰን ብናስጀምረው ኃጢአት ነው? ደብቀን ብናስታምመውስ?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ወንድምሽን ይማርልሽ። አጭሩን ላስቀድም። መድኃኒት መውሰድ ኃጢአት አይደለም። ጠበሉንም አታስቁሙት፤ ሁለቱም አብረው ይሂዱ። ዛሬ ነገ ሳትሉ ወደ ሐኪሙ መልሱት። የተረፈውን ክኒን ግን በራሳችሁ አታስጀምሩት፤ የተቋረጠ መድኃኒት በምን መጠን እንደሚጀመር የሚያውቀው ሐኪሙ ነው።

መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አንብቢ። ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እሱ ነው፣ ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል። የታመመ ሰው ይጸልይ፣ ከኃጢአት ይራቅ ካለ በኋላ ወዲያው ለሐኪሙ ቦታ ስጠው ብሎ ይቀጥላል። አንዱን አንሥቶ ሌላውን አይጥልም። ክርክሩም በእናንተ ቤት አልተጀመረም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በመጣ ጊዜ ጠበል ገባሁ ብሎ ክኒኑን የጣለ ብዙ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ለዚያ የተፈቀደው ለአእምሮ ሕመም የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም።

«ጋኔን ነው» የሚሉሽም አይጠፉም። ቤተ ክርስቲያን ርኩስ መንፈስ የለም አትልም። ሕመምን ሁሉ ግን ለእሱ አትሰጥም። ማቴዎስ 4፥24 ላይ ወደ ጌታ የመጡትን ሲቆጥር በልዩ ልዩ ደዌ የታመሙትን ለብቻ፣ አጋንንት ያደረባቸውን ለብቻ፣ ሽባዎችንም ለብቻ ነው የሚጠራቸው። እኛ ነን አንድ ላይ ጠቅልለን «ለክፎት ነው» የምንለው። ደሴ በጥቅምትና በኅዳር 2014 ምን እንዳየች እናውቃለን። ያን ጊዜ አልፎ እንቅልፉን ያጣ ሁሉ ዛር አለበት ልንል ነው እንዴ? በነገራችን ላይ ወንድምሽ ጫት ይቅማል? በእኛ አገር ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። ጫት እንዲህ ያለውን ሕመም ያባብሳል፤ ለሐኪሙ አትደብቁት።

ነቢዩ ኤልያስን ደግሞ አስቢው (1ኛ ነገሥት 19)። ያ እሳት ከሰማይ ያወረደ ሰው ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ። መልአኩ «እምነትህ የት ገባ?» አላለውም። እንጎቻና ውሃ አቀረበለት። በልቶ ተኛ። እንደገና ቀሰቀሰውና «መንገድህ ሩቅ ነው፣ ብላ» አለው። ወንድምሽም ስለ መሞት ካወራ ቁጣና ስብከት ይቅርበት። ብቻውን አትተዉት፤ ያንኑ ዕለት ሆስፒታል ውሰዱት።

ስለ ክኒኑ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ቤት የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ መድኃኒት እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ምራቅ ያበዛል፣ ሰውነትን እንደ እንጨት ያደርቃል፣ ድብን አድርጎ ያስተኛል። ጎረቤት ይህን ያይና «ጭራሽ አፈዘዘው» ይላል፤ ቤተሰብ ደንግጦ ያስጥላል። ለሐኪሙ ብትነግሩት መጠኑን ያስተካክላል ወይም ይቀይረዋል። በየቀኑ መዋጥ ከሰለቸው በየወሩ ገደማ የሚወጋ መርፌም አለ፤ ጠይቁ። ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። «አማኑኤል ካልሄድን» ብላችሁ የአዲስ አበባ ስንቅ እስክታዘጋጁ አትቆዩ።

ጠበል ቦታ የሚያድር ከሆነ ክኒኑን የሚሰጠው ሰው አብሮት ይደር። ጾሙንና ቁርባኑን በተመለከተ ለንስሐ አባታችሁ በግልጽ ንገሩ፤ ለታመመ ሰው ሥርዓቱ ይቀልለታል። የመዋጫ ሰዓቱን ማሸጋሸግ ካስፈለገ ሐኪሙን አማክሩ። ወንድምሽን ማሰር ወይም መግረፍ የሚፈልግ ካጋጠማችሁ ግን ይዛችሁት ውጡ። ማርቆስ 5 ላይ ያንን በመቃብር የሚኖር ሰው በሰንሰለት ያሰረው አገሬው ነው። ጌታ ፈወሰው፤ ልከተልህ ሲለውም ወደ ቤትህ፣ ወደ ቤተ ሰዎችህ ሂድ አለው።

እንግዲህ ወደ ጓዳው እንምጣ። እናትሽ ላይ አልፈርድም። የሰው አፍ ፈርታ ነው። ጥፋቱ ያለው ቡና ላይ ተቀምጠን «የእነ እገሌ ልጅ ለቀቀ» የምንለው እኛ ጋ ነው። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ የተወለደውን አይተው «ኃጢአት የሠራው እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ነበር (ዮሐንስ 9)። ጌታ እሱም ወላጆቹም አይደሉም አላቸው።

በእኛ ሰፈር ቅሬ (እድር) እንደ ወንድምሽ የታመመ ልጅ አለ። ድንኳን ሲተከል ካስማ የሚመታው እሱ ነው፤ ሌላ ሰው ከነካበት ይቆጣል። አብረውት አግዳሚ የሚሸከሙት፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ሲጨነቅ ፊቱን አይተው ያውቁታል። «ዛሬ ውጠሃል?» ይሉታል። አንዳንድ ቀን ይሰድባቸዋል፣ ከዚያ ቤቱ ሄዶ ይውጣል። ጓዳ የተዘጋበትን ልጅ «ዛሬ ውጠሃል?» የሚለው ማን ነው?

የእህትሽ ነገር ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም አትደብቁ። ለሰፈሩ ማወጅ አያስፈልጋትም። እጮኛዋ ግን ሽማግሌ ሳይልክ ከራሷ አፍ ይስማ። ሕመሙ በቤተሰብ ውስጥ የመደጋገም ዝንባሌ አለው፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ያም ሆኖ ወንድም ታመመ ማለት እህትም ልጆቿም ይታመማሉ ማለት አይደለም። የሚከብዳቸው ከሆነ ሁለቱም አብረው ሄደው ሐኪሙን ይጠይቁ። ሽማግሌዎቹ በሚመጡ ቀን ወንድምሽ ደኅና ልብሱን ለብሶ ከቤተሰቡ ጋር ይቀመጥ። ጫጫታው ከብዶት ራሱ ልውጣ ካለ ይውጣ፤ በር ግን አይዘጋበት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።