ኮምፓይለሩ ራሱ ቢሳሳትስ? ስለ ዛቪየር ለሯ ሥራዎች ጥያቄና መልስ

ፈረንሳዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ዛቪየር ለሯ የሶፍትዌርን ትክክለኛነት በሒሳብ በማረጋገጥ ረገድ ስለሠራው ሥራ ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ለሯ ማነው?

መልስ፦ ኢንሪያ በተባለው የፈረንሳይ የምርምር ተቋም ለረጅም ዓመታት ሠርቷል። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ በፓሪሱ ኮሌዥ ደ ፍራንስ ፕሮፌሰር ነው። ኦካምል የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከፈጠሩት ሰዎች ዋነኛው እሱ ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ሥራው ኮምፕሰርት ነው።

ጥያቄ፦ ኮምፕሰርት ኮምፓይለር ነው አይደል? ጂሲሲን የመሰለ በሰፊው የሚሠራበት ኮምፓይለር እያለ ምን አስፈለገ?

መልስ፦ ኮምፓይለር ሲ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጻፍነውን ኮድ ወደ ማሽን ትዕዛዝ ይቀይራል። በዚህ መሃል ከተሳሳተ የእናንተ ኮድ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ማሽኑ ላይ የሚሮጠው ሌላ ነገር ነው። ኮዳችሁን ሺህ ጊዜ ብታነቡት ስህተቱን አታገኙትም፤ እዚያ የለማ! ለሯ የተነሳው ይህን በር ለመዝጋት ነው። ኮምፕሰርት የሒሳብ ማረጋገጫ አለው። የሲ ኮዱ ትርጉሙ የተወሰነ እስከሆነ ድረስ፣ የሚወጣው ትዕዛዝ ከዚያ ትርጉም ውልፍት አይልም ይላል። ማረጋገጫውን እርምጃ በእርምጃ የሚፈትሸው ደግሞ ኮክ የተባለ ፕሮግራም ነው፤ ዛሬ ስሙ ሮክ ሆኗል።

ጥያቄ፦ ወረቀት ላይ ያምራል። የፈተነው ሰው አለ?

መልስ፦ አለ፤ ያውም አጥብቆ። በ2011 የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲስሚዝ በተባለ መሣሪያ ያገኙትን ውጤት አወጡ። መሣሪያው የሲ ፕሮግራሞችን በዘፈቀደ ይፈጥራል። አንዱን ፕሮግራም ለብዙ ኮምፓይለሮች ይሰጡታል፤ ውጤቱ ከተለያየ አንዳቸው ተሳስተዋል ማለት ነው። በዚህ መንገድ ቀድሞ ያልታወቁ ከ325 በላይ ስህተቶችን ለኮምፓይለር ሠሪዎች አሳወቁ። ጂሲሲም፣ ኤልኤልቪኤም የተባለው ሌላው ታዋቂ ኮምፓይለርም አልተረፉም። ኮምፕሰርትን ስድስት ዓመት በሚያህል የፕሮሰሰር ጊዜ ፈተኑት። ማረጋገጫ በተሠራለት የመሃል ክፍሉ ውስጥ የተሳሳተ ኮድ የሚያወጣ ስህተት አላገኙም።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ስህተት የለበትም ማለት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። እነዚሁ ሰዎች ከማረጋገጫው ውጪ በቀሩት ክፍሎች ስህተት አግኝተውበታል። አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ለፓወርፒሲ ፕሮሰሰር ያወጣው ትዕዛዝ −44432 የሚል ቁጥር ይዟል። ትዕዛዙ ለቁጥሩ ያለው ቦታ ግን 16 ቢት ነው፤ ከ−32768 በታች አይችልም። ማረጋገጫው ትክክል ነበር። ፕሮሰሰሩን የሚገልጸው ሞዴል ነው ገደቡን የዘለለው። ደግነቱ አሰምብለሩ፣ ማለትም የኮምፓይለሩን ውጤት ወደ መጨረሻው የማሽን ቁጥር የሚቀይረው ፕሮግራም፣ አልቀበልም አለ።

አንድ ሶፍትዌር «ተረጋግጧል» ሲባል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ምኑ? በምን ታሳቢ?» የሚለው ነው። ለሯን የማከብረው ለዚህ ነው። ጽሑፎቹ ማረጋገጫው የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ በግልጽ ይናገራሉ። ክፍተቱንም ከባልደረቦቹ ጋር እያጠበበው መጥቷል፤ ለምሳሌ ኮዱን አንብቦ የሚተነትነው ክፍል ኋላ ላይ ማረጋገጫ ተሠርቶለታል።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ ማረጋገጥ ዕድሜ አይፈጅም?

መልስ፦ አድካሚ ነው። ግን ብልሃት አለው። የፕሮግራሙ ተለዋዋጮች የትኛው ሬጂስተር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ ፈጣን ማስቀመጫ) ውስጥ ይቀመጡ የሚለውን መወሰን ውስብስብ ነው። ለሯ የሚወስነውን ክፍል ያለ ማረጋገጫ ተወው። ውሳኔውን የሚያጣራ ትንሽ ፕሮግራም ሠራና ማረጋገጫውን ለእሱ ሰጠው። ውሳኔው ስህተት ከሆነ ኮምፓይለሩ ሥራውን ያቆማል፤ የተበላሸ ኮድ አያወጣም። መፍትሔ መፈለግ ከባድ፣ የተገኘውን ማጣራት ቀላል በሆነበት ሁሉ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ሽልማትስ?

መልስ፦ በ2016 የሚልነር ሽልማትን አግኝቷል። ኮምፕሰርት ደግሞ ለእሱና ለባልደረቦቹ ኤሲኤም የተባለው የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር የሚሰጠውን የ2021 የሶፍትዌር ሲስተም ሽልማት አስገኝቷል።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ በቀጥታ ኮምፕሰርት ውስጥ አትግባ፤ ይውጥሃል። በ1967 ጆን ማካርቲና ጄምስ ፔይንተር ቀላል የሒሳብ ስሌቶችን ብቻ የሚቀይር ኮምፓይለር ትክክለኛነት አረጋግጠው ነበር። አንተም መደመርንና ቁጥሮችን ብቻ የያዘች ቋንቋ ሮክ ላይ ጻፍ። ስሌቱን ወደ ስታክ ማሽን (ቁጥሮችን አንዱን በአንዱ ላይ እየደረደረ፣ ከላይ እያነሳ የሚያሰላ ቀላል ማሽን) ትዕዛዝ የሚቀይር ፋንክሽን ጨምር፤ ከዚያ ስሌቱና ትዕዛዙ እኩል ውጤት እንደሚሰጡ አረጋግጥ። መጀመሪያ ስታኩ ባዶ ነው ብለህ ከተነሳህ ማረጋገጫው አልሄድ ይልሃል። ስታኩ ላይ ማንኛውም ነገር ቢኖር ብለህ አስፋው፤ ያኔ ይሄዳል።