ከጎንደር ተነስቶ ባቱ ድረስ ለወይን፦ የጥንዶች ጥያቄና መልስ

ሰላም የጎንደር ልጆች። ሰሞኑን ፍቅረኛዬን ይዤ የወይን እርሻ ያለበት ከተማ ልሂድ የሚል ጥያቄ በዛብኝ። በአስጎብኚነት ስሰራ ባቱን (ብዙዎቻችን አሁንም ዝዋይ የምንላትን) እንግዳ ይዤ ደጋግሜ ስለሄድኩባት የማውቀውን እመልሳለሁ፣ ጠይቁ።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ አርብ ማታ ወጥተን እሁድ ማታ ብንመለስ ይበቃል?

መልስ፦ ይበቃል፣ ግን ሰኞን ፈቃድ ብትወስዱ ይሻላል። ከአዘዞ ኤርፖርት አዲስ አበባ በፕሌን አንድ ሰአት ገደማ ነው፣ ከዛ ወደ 160 ኪሎሜትር ይቀራችኋል፣ በአዳማው የክፍያ መንገድ እስከ ሞጆ ትሄዱና በመቂ አድርጋችሁ ነው የምትገቡት። አርብ አዲስ አበባ እደሩና ቅዳሜ በጠዋት ውጡ፣ የአርብ ማታ ትራፊክ ውስጥ ገብቶ ያልተጣላ ጥንድ አላየሁም። በመኪና ከጎንደር እንነሳ የምትሉ ደግሞ አዲስ አበባ ብቻ ከ700 ኪሎሜትር በላይ ነው፣ የመንገዱን ነገርም ራሳችሁ ታውቁታላችሁ፣ ለዊኬንድ አይሆንም በቃ።

ጥያቄ፦ እርሻው ምን ይመስላል? ዝም ብሎ ይገባል?

መልስ፦ ዝም ብሎ አይገባም፣ ቀድማችሁ ደውላችሁ ቀን አስይዙ፣ ቅዳሜ ወይ እሁድ እንግዳ ይቀበሉ እንደሆነ እዛው ጠይቁ፣ ፕሌኑን ቡክ ከማድረጋችሁ በፊት! እርሻው የካስቴል ነው፣ የፈረንሳዩ ድርጅት፣ የቢጂአይ (የጊዮርጊስ ቢራ ጠማቂ) ባለቤት ማለት ነው። ችግኙን ከፈረንሳይ አምጥተው ነው የተከሉት፣ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ነጩ ደግሞ ሻርዶኔ፣ የመጀመሪያው ጠርሙስ የወጣው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። አፈሩ አሸዋማ ነው፣ ቦታው ከባህር ጠለል 1,600 ሜትር በላይ ስለሆነ ቀን ሞቆ ማታ ቀዝቀዝ ይላል፣ ወይን ደግሞ እንዲህ ያለ ቦታ ይወዳል። እኔን ሁሌም የሚያስቀኝ ዙሪያውን የተቆፈረው ቦይ ነው፣ ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ ተብሎ፤ ፈረንሳይ፣ ቦርዶ ያለ የወይን ገበሬ እንዲህ አይነት ጭንቀት የለበትም መቼም።

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ እኔ ከጠጅና ከዳሽን ውጪ አላውቅም፣ እሷ ፊት እንዳልዋረድ ምን ልዘዝ?

መልስ፦ ሃሃ፣ ወንድሜ የሚያዋርድ ነገር የለውም። ጣፋጭ ለለመደ አፍ ከካስቴል ወይኖች አካሺያ የሚለውን ጀምር፣ ለስለስ ያለ ጣፋጭ ቀይ አለው። ሪፍት ቫሊ የሚለው ደረቅ ነው፣ ቀዩ ምላስ ይይዛል፣ ከጥብስ ጋር ነው የሚጥመው። ከሀይቁ አሳ ጋር ከሆነ ሻርዶኔውን በደንብ አቀዝቅዘው ያምጡልህ። ጉደርና አክሱማይት ብለህ እንዳትጠይቅ ብቻ፣ እነሱ የአዋሽ ናቸው፣ የሌላ ድርጅት። ደግሞ ወይን እንደ ጠጅ በብርሌ አይጨለጥም፣ ፀሀዩ ላይ ሶስት ብርጭቆ ከጠጣህ ፕሮፖዙ ይቀርና እንቅልፍ ነው የሚሆነው።

ጥያቄ፦ መቼ ብንሄድ ይሻላል?

መልስ፦ ፆሙን አይታችሁ! ወይንና አሳ ፍለጋ ሄዳችሁ አቢይ ፆም ላይ ብትወድቁ ሽሮ በልታችሁ ነው የምትመለሱት። ለኔ ሁለት ጊዜ አለ፣ አንዱ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ህዳር 14፣ የነቢያት ፆም ሳይገባ ማለት ነው፣ ሁለተኛው ከጥምቀት በኋላ አቢይ ፆም እስኪገባ። በሁለተኛው ግን ከጥምቀት ማግስት ያለውን ሳምንት ዝለሉት፣ ለበአል ጎንደር የመጣው እንግዳ ሁሉ በአንዴ ስለሚመለስ ትኬት አታገኙም፣ ብታገኙም በእሳት ዋጋ ነው፤ ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ነው፣ ግማሹ ዊኬንዳችሁ ለዘመድ የተያዘ ነው። ክረምት አልመክርም።

ጥያቄ (ሴት ነኝ፣ ከአዘዞ)፦ ከወይኑ ሌላ ምን አለ? ለሁለት ቀን ወይን ብቻ?

መልስ፦ እህቴ ለኔ ዋናው እንደውም ሀይቁ ነው። ጠዋት በጀልባ ውጡ፣ ከሰአት ንፋስ ይነሳል። ፔሊካንና አባኮዳ አሳ አጥማጆቹ ስር ተሰብስበው ትርፍራፊ ሲጠብቁ ታያላችሁ፣ ጉማሬም አለ። ጊዜ ካላችሁ ቱሉ ጉዶ ደሴት፣ ደብረ ፅዮን ማርያም ያለችበት፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ፅዮን ከአክሱም ሸሽታ እዛ ተቀመጠች የሚባለው እሱ ነው፣ የዛይ ህዝብም የሚኖረው እነዚህ ደሴቶች ላይና ሀይቁ ዳር ነው። ግን ደሴቱ ግማሽ ቀን ይበላል፣ እሱንም እርሻውንም ላንጋኖ ሀይቅንም በአንድ ዊኬንድ ካላችሁ ከመኪና ሳትወርዱ ሰኞ ይደርሳል። ሁለቱን ምረጡ፣ አንዱን ከሰአት ደግሞ ባዶ ተዉት።

ዝዋይ ሀይቅ ላይ እንዳትዋኙ፣ ቢልሃርዚያ (ከውሃው በቆዳ የሚገባ በሽታ) አለ። መዋኘት ያማራችሁ ላንጋኖ ውረዱ፣ ውሃው ቡናማ ቢሆንም እዛ ይዋኛል። ወባም አለ፣ አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ማደሪያ? ሁለታችንም ገና አልተጋባንም...

መልስ፦ መታወቂያ ሁለታችሁም ያዙ፣ ያ ነው። ሀይሌ ሪዞርት አለ፣ ረከስ ያሉም ከተማው ውስጥ አሉ። ክፍሉን ስትይዙ በሀይቁ በኩል በሉ፣ በመንገዱ በኩል ከሆነ የከባድ መኪና ድምፅ ነው ሲያድር።

ጥያቄ፦ ወይኑን ለእናቴ ይዤ ልምጣ?

መልስ፦ በእጅ ሻንጣ አይሆንም፣ በጂንስ ጠቅልለህ በሚጫነው ሻንጣ መሀል አድርገው።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ጋሼ እውነቱን ልንገርህ የፕሌኑ ብር የለኝም፣ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ጎርጎራ ነዋ! ከኛ 60 ምናምን ኪሎሜትር ነው፣ ጣና ዳር፣ አሳ አለ፣ ጥንታዊቷ ደብረ ሲና ማርያም አለች፣ እዛ ያለው ሪዞርት ዋጋው ከበዛብህ ደርሶ መልስም ይሆናል። የመንገዱን ሰላም የዛን ሰሞን ጠይቀህ በጠዋት ውጣ። አንድ ሪፍት ቫሊ ከፒያሳ ገዝተህ ያዝ፣ መክፈቻውን እንዳትረሳ፣ እዛ ሄደህ በቢላ ቡሹን ስትገፋ እንዳታይህ።