«እምቢ» ማለት ከውጭ የመጣ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ፣ አምድሽን ሁሌ አነባለሁ። ባለፈው ሰሞን ቤተሰብ ተሰብስበን ዘፈን እየሰማን ስንጫወት ወሬው ወደ ሴቶች መብት ዞረ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም «የድሮ ዘፈን ስሙ፣ የድሮ ልብ ወለድ አንብቡ። የኛ ሴት ትጠብቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ትችላለች። ይሄ እምቢ ባይነት ከውጭ የመጣ ነው» አለ። ሁሉም ዝም። እኔም ዝም። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። ምን ልለው ነበር?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔንም እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። ከራሷ ከቃሏ ልጀምርልሽ። ወንድ ለጠላት እምቢ ሲል «እምቢ ባይ» ይባላል፣ ይፎከርለታል፣ ይሸለልለታል። ሴት ለባሏ እምቢ ስትል «እምቢተኛ» ትባላለች፣ ስድብ ነው። ቃሉ ያው የኛው ነው። ጠቡ ከማን አፍ ይውጣ የሚለው ላይ ነው።

ሴቶቹ ታዲያ «እምቢ»ን የት አሉት? ወፍጮ ላይ። የአያቴ ወፍጮ ልጅ ሆኜ ከምተኛበት መደብ አጠገብ ነበር። ገና ሳይነጋ ተንበርክካ መጁን ወደፊት ስትገፋው ድምፁ ይበረታል፣ ወደ ራሷ ስትመልሰው ቀለል ይላል፣ ግጥሟን የምትጥለው እዚያች ቀለል የምትለዋ ላይ ነበር። ስለ አማት፣ ጠጥቶ ስለሚገባ ባል፣ ሳትጠየቅ ስለተዳረች ልጅ። ቀን ላይ ከዚያ አንዷንም ቃል አትደግማትም። ባሏ አልጋው ላይ ሆኖ እየሰማ ነው፣ ግን «ምን አልሽ?» ብሎ አይጠይቃትም። እያንጎራጎረች ነዋ! ለእንጉርጉሮ ማንም አይጠየቅም። ሙሾም እንደዚያው ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋ ያልተሰማ ሴት ለቅሶ ላይ በሰው ሁሉ ፊት ግጥም ታወርዳለች፣ ሁሉም ጸጥ ብሎ ይሰማታል።

ሰርግ ቤትን ደግሞ አስቢው። «አናስገባም ሰርገኛ» እያሉ በር ላይ የሚቆሙት ሴቶቹ ናቸው። ሙሽራዋ ውስጥ ተሸፋፍና ተቀምጣለች፣ ቃል አይወጣትም፣ እምቢታውን ጓደኞቿ ይዘፍኑላታል። በመጨረሻ በሩ ይከፈታል፣ አውቃለሁ። ጨዋታ ነው ሊልሽ ይችላል። ልክ ነው፣ ባህሉ ራሱ የፈቀደው፣ ሰዓቱ ሲደርስም የሚያበቃ እምቢታ ነው፤ ግን እኮ በልጅነት ዕድሜ ለማታውቀው ሰው ስትሰጥ ለነበረች ልጅ በዚያ ቀን እምቢ ያለላት ሌላ ማንም አልነበረም። እኔ ይህን ዘፈን በሰማሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

የባለቤትሽ ወንድም «ትጠብቃለች፣ ታለቅሳለች» ያለው ውሸት አይደለም። እንዲህ ያለ ዘፈን ሞልቷል። ግን የሴት ተፈጥሮ ስለሆነ ነው? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ ራስ ነው፣ ሚስትም በሕጋዊ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል ይል ነበር። ይህ እስከ 1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ ድረስ ቆየ፣ አርባ ዓመት ሙሉ። ከዚህም የባሰ ነበር፤ በድሮው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባት አይከሰስም ነበር፣ ይህ የተለወጠው በ1997 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የዚያ ዘመን ሴት «እችላለሁ» ብላ ስትዘፍን ምን ምርጫ እንደነበራት አብረሽ ጠይቂው።

ልብ ወለድ ካነሳ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንሺለት፣ 1958 ዓ.ም. ሰብለ ወንጌል አባቷ አጥንት እየቆጠሩ ባሎች ሲመልሱ ዕድሜዋ የሄደባት ልጅ ናት። መጨረሻ ላይ የአባቷን ቤት ጥላ የምትወደውን በዛብህን ፍለጋ መንገድ ትወጣለች። የፊታውራሪ ልጅ፣ ብቻዋን! መጽሐፉን ሁሌም የፍቅር ታሪክ እንለዋለን፣ ለእኔ ግን ከፍቅሩ በላይ ያ ከቤት መውጣቷ ነው። መመነኗ ደግሞ ያናድደኛል። እምቢ ያለች ሴት ለምን መቃብር ወይ ገዳም ብቻ ይጠብቃታል?

በእውነተኛው ዓለም የኖሩትም ቀላል መንገድ አልነበራቸውም። ስንዱ ገብሩ ጣሊያን አዚናራ ደሴት ወስዶ ካሰራቸው አርበኞች አንዷ ነበሩ፣ «የልቤ መጽሐፍ»ን በ1942 ዓ.ም. አሳተሙ፣ ኋላም ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። አስናቀች ወርቁ ቲያትር ስትጀምር የሴትን ገጸ ባሕርይ የሴት ልብስ ለብሰው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። አዝማሪ መባል ስድብ በሆነበት ዘመን ክራሯን ይዛ መድረክ ላይ ቁጭ አለች። ለእኔ ያ አቀማመጥ ብቻውን እምቢታ ነው፣ ግጥሙ ስለ ፍቅር ቢሆንም።

ስለ አድዋ የዘፈነችውን እጅጋየሁ ሽባባውንም (ጂጂን) አትርሺ። ጦርነትና ጀግና የወንድ ዜማ፣ ናፍቆት የሴት ዜማ ተብሎ በተከፈለበት አገር ሳትፈራ ገባችበት፣ ዛሬ በየካቲት 23 ከሚሰሙት ዘፈኖች አንዱ የእሷ ነው።

በሚቀጥለው ስትሰበሰቡ ተረጋግተሽ ንገሪው። ካልሰማም አጠገቡ የተቀመጡት ሴቶች ይሰሙሻል። ያኔ ዝም ያሉት ሁሉ ከሱ ጋር የተስማሙ እንዳይመስልሽ።

ጥያቄ፦ ወንድ አንባቢሽ ነኝ። የሴት ዘፋኞቻችንን ግጥም አብዛኛውን የሚጽፉት ወንዶች አይደሉም ወይ? ታዲያ እንዴት የሴት ድምፅ ይባላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ የጸሐፊውን ስም ከማየቴ በፊት ግሱን እሰማለሁ። አማርኛ አይደብቅም፣ ማን ምን እንዳደረገ ከግሱ መጨረሻ ላይ ቁጭ ብሎ ታገኘዋለህ። «መጣህ፣ ሄድክ፣ ተውከኝ» ከሆነ ሁሉን የሚያደርገው እሱ ነው፣ እሷ የሚደረግባት ናት። ዘፋኟ የፈለገ ድምፅ ቢኖራት እዚያ ዘፈን ውስጥ ተቀምጣ እየጠበቀች ነው። ከዚያ አንድ ቀን «ሄድኩ፣ ተውኩህ፣ በቃኝ» የሚል ትሰማለህ። ወንድ ጽፎት ሊሆን ይችላል። ግን በኮንሰርት ላይ «በቃኝ» የምትለዋ ቦታ ስትደርስ ከፊት የቆሙት ሴቶች ድምፃቸው ከዘፋኟ በልጦ ሲወጣ ሰምቼ አውቃለሁ፣ ማንም ጽፎ አልሰጣቸውም።