ደናግል በሰዎች መነገድን ለመከላከል ለምን ይሠለጥናሉ?

ጥያቄ፦ የካቶሊክ ደናግል በሰዎች መነገድን ለመከላከል ልዩ ሥልጠና እንደሚወስዱ ሰምቻለሁ። ለተጎዳ ሰው መራራት ከጥሪያቸው ጋር አብሮ ያለ ሆኖ ሳለ፣ ሥልጠናው ምን ይጨምርላቸዋል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ርኅራኄ ብቻውን ተጎጂዋን ለባሰ አደጋ ሊያጋልጣት ይችላል። አንዲት ወጣት ከአሠሪዋ አምልጣ ወደ ደናግሉ ቤት መጣች እንበል። ያልሠለጠነች እህት አዝናላት በማግስቱ ወደ ቤተሰቧ ልትልካት ትችላለች፤ ነገር ግን የመለመላት ሰው አጎቷ ወይም ጎረቤቷ ሊሆን ይችላል። የሠለጠነችው እህት ግን ወጣቷን ከሸኛት ሰው ለይታ ለብቻዋ ታነጋግራታለች፤ ፓስፖርቷ በማን እጅ እንዳለና ዕዳ አለብሽ ተብላ እንደሆነ በእርጋታ ትጠይቃታለች፤ የማትፈጽመውን ተስፋ አትሰጣትም፤ ታሪኳንም ደጋግማ አታስተርካትም። ይህ የመጨረሻው እጅግ የሚያሳስበኝ ጉዳይ ነው፣ በየቢሮው ያንኑ ስቃይ እንደ አዲስ መናገር ቁስልን ያመረቅዛልና።

በየአገሩ ያሉ ደናግልን የሚያገናኝ መረብ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው፤ በሰው የሚነግዱት ከመነሻ እስከ መድረሻ አገር ተያይዘው ስለሚሠሩ፣ በመድረሻው ያለችው እህት በወጣቷ ፈቃድ በትውልድ አካባቢዋ ላለችው አስቀድማ ደውላ የቤተሰቡን ሁኔታ ታጣራለች። የገዳማውያት አለቆች ዓለም አቀፍ ኅብረት በ2009 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው «ጣሊታ ኩም» የተሰኘው መረብ በዚህ መንገድ ይሠራል፤ ስሙም ጌታ «አንቺ ብላቴና ተነሽ» ካለበት ከማርቆስ ወንጌል የተወሰደ ነው።