መልስ፦ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የሚደመጥ ፕሮግረሲቭ ሮክ

ወንድሜ፣ ስለ ፕሮግረሲቭ ሮክ (ረጃጅምና ምታቸው የሚለዋወጥ ሥራዎች ያሉት የሮክ ዓይነት) «ከየስና ከጄነሲስ ባንዶች ዘመን ወዲህ የሚደመጥ ባንድ አለ ወይ?» ላልከው፣ አለ፤ ያውም ብዙ። እንግሊዝ ውስጥ ማሪሊየን በ1983 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ፣ አይኪውና ፔንድራገንም በዚያው ሰሞን ብቅ አሉ። ዜማቸው ቶሎ ይገባል።

ለእኔ ግን የዚህ ሙዚቃ እውነተኛው ትንሣኤ የስዊድኑ ነው። አንግላጎርድ በ1992 «ሂብሪስ»ን፣ አኔክዶተን በ1993 «ቬሞድ»ን አወጡ፤ ሜሎትሮን የተባለውን ባለ ቁልፍ መሣሪያም መልሰው አመጡት። በዚህ መሣሪያ እያንዳንዱ ቁልፍ ሲጫን የተቀዳ ቴፕ ይጎትታል። ቴፑ 8 ሰከንድ ገደማ ሄዶ ስለሚያልቅ፣ ተጫዋቹ ጣቱን አንስቶ እንደገና መጫን አለበት። ድምፁ ትንፋሽ ያለው የሚመስለው ለዚህ ነው፤ የቴፑ ፍጥነት በጥቂቱ ሲዋዥቅ ደግሞ ቴፑ ላይ የተቀዳው የቫዮሊን ድምፅ ሁሉ ይንቀጠቀጣል።

በ«ሂብሪስ» ጀምር። አራት ረጃጅም ሥራዎች ብቻ ናቸው፤ የስልክህን ማዘበራረቂያ (ሻፍል) አጥፍተህ በቅደም ተከተል ስማ። መግቢያው ለስላሳ ፒያኖ ነው፤ አልሰማ አለኝ ብለህ ድምፁን አትጨምር፣ ባንዱ በሙሉ ኃይሉ ሲገባ ጆሮህን ይመታሃል።

ምቱ ከጠፋብህ በአራት እየቆጠርክ ይሆናል፤ ይህ ሙዚቃ ግን ሁልጊዜ በአራት አይሄድም። የፒንክ ፍሎይድን «መኒ» ከፍተህ ቤዝ ጊታሩን በሰባት ቁጠር፤ እግርህ እዚያ ከለመደ ሌላው አይከብድህም። ሰባት ምት ሲፈጥንብህ አንድ-ሁለት፣ አንድ-ሁለት፣ አንድ-ሁለት-ሦስት እያልክ ከፋፍለው።

ጠንከር ያለ ጊታር ከወደድክ የፖርኩፓይን ትሪ «ኢን አብሴንሺያ» (2002)፤ ከአሜሪካ ደግሞ የስፖክስ ቢርድ «ዘ ላይት» (1995) አያሳፍሩህም።