ከቁጥሩ በፊት አለቱን ጠይቁት

ልጆቼ፣ ጂኦሎጂ ተምራችሁ ነዳጅ ፍለጋ ላይ ለመሰማራት ላሰባችሁት ነው የምጽፈው።

የአለት ናሙና የላቦራቶሪ ውጤት እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው የኦርጋኒክ ካርቦኑ፣ ማለትም አለቱ ውስጥ ከሕያዋን ቅሪት የቀረው ካርቦን፣ መጠን ላይ ነው። 2 በመቶ ካለ ደስ ይላችኋል። ቆይ፣ አትቸኩሉ። ያ ካርቦን ከምን መጣ? የት ተቀመጠ? ምን ያህል ሙቀት አየ?

ኦክስጅን በሌለበት ጥልቅ ሐይቅ ወለል ላይ የተከማቸ አልጌ ዘይት የመስጠት አቅሙ ትልቅ ነው፤ ዘይቱም ሰም ይበዛበታል። ወንዝ ጠርጎ ዴልታ ላይ የጣለው እንጨትና ቅጠል ግን በአብዛኛው የሚሰጠው ጋዝ ነው። ሁለቱም 2 በመቶ ሊያሳዩ ይችላሉ። ያልበሰሉ ከሆኑ፣ ማለትም ከመሬት በታች ብዙ ሙቀት ካላዩ፣ የሃይድሮጅን ኢንዴክስ ይለያቸዋል፤ ይህ ናሙናው ላቦራቶሪ ውስጥ ሲሞቅ ከካርቦኑ ምን ያህል ዘይትና ጋዝ እንደሚወጣ የሚያሳይ ቁጥር ነው። የሐይቁ አልጌ በአንድ ግራም ካርቦን ከ600 ሚሊግራም በላይ ይሰጣል፤ የእንጨቱ ብዙ ጊዜ ከ200 በታች ነው።

ወጣቶች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አለቱ ሲበስል ሃይድሮጅኑ ዘይትና ጋዝ ሆኖ ይወጣል፣ ኢንዴክሱም ይወርዳል። ድሮ ምርጥ የአልጌ አለት የነበረው ዛሬ በቁጥር እንጨት ይመስላል። «ይሄ ዋጋ የለውም» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው፤ ነዳጁ ግን ከአለቱ ወጥቶ ሌላ ቦታ ተከማችቶ ይሆናል።

የኛን ኦጋዴን እዩት። ከታች የቦክ ሼል (ሼል ከጭቃ የተሠራ፣ በስስ ሽፋን የሚሰነጠቅ አለት ነው) አለ፤ በፐርሚያን ዘመን አካባቢ ስምጥ ውስጥ በነበረ ሐይቅ የተከማቸ ነው። ከላይ ደግሞ የጁራሲክ ባሕር የተወው የኡዋራንዳብ ሼል አለ። አንድ ተፋሰስ፣ ሁለት ዓለም። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተገኘው የካሉብ ጋዝ ብዙውን ጊዜ ከታችኛው፣ ከቦክ፣ ጋር ይያያዛል። የሁለቱን ውጤት አንድ ሠንጠረዥ ላይ ደባልቆ አማካይ ማውጣት ምንም አይነግራችሁም።

ስለዚህ አለቱን እዩት። በመዶሻ ሰብራችሁ አዲሱን ገጽ በሌንስ ተመልከቱ። እንደ ወረቀት የሳሱት ሽፋኖች ሳይረበሹ ከተደረደሩ፣ ትልና ቀንድ አውጣ እዚያ ጭቃ ውስጥ አልኖሩም ማለት ነው፤ ኦክስጅን እንዳልነበረ የሚጠቁም ጥሩ ምልክት ነው። ሽፋኑ ተቦጫጭቆ፣ ትሎች የቆፈሩት ቀዳዳ ሞልቶት ካያችሁ ግን ታችኛው ውሃ አየር ነበረው፤ አብዛኛው ኦርጋኒክ ነገር ሳይቀበር ተበልቷል። ገደል ላይ የለቀማችሁት ናሙና ከሆነ ደግሞ ቆፈር አድርጉና ከውስጥ ውሰዱ። ፀሐይና ዝናብ ያገኘው አለት ካርቦኑንም ሃይድሮጅኑንም አጥቷል።

ከጉድጓድ የመጣ ናሙና ሌላ ጣጣ አለው። ቁፋሮው በዘይት በተሠራ ጭቃ (ጉድጓዱ ሲቆፈር በሚዘዋወረው ፈሳሽ) ከተካሄደ ዘይቱ ናሙናው ውስጥ ይገባል። ኤስ1 (ናሙናው ውስጥ አስቀድሞ ያለው ነፃ ዘይትና ጋዝ) ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ቲማክስ (ናሙናው ሲሞቅ ከፍተኛው ምርት የሚወጣበት ሙቀት፣ የብስለት መለኪያ) ዝቅ ካለባችሁ መጀመሪያ የቁፋሮውን መዝገብ ክፈቱ፤ ናሙናውን በማሟሚያ አጥባችሁ እንደገና አስለኩ። ኤስ2 (ናሙናው ሲሞቅ ገና የሚሰጠው ዘይትና ጋዝ) በግራም አለት ከ0.2 ሚሊግራም በታች ከሆነ ደግሞ ቲማክሱን ሪፖርት ላይ አታስገቡት።