ቀለሙ ሲያልቅስ?

ልጆቼ፣ ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ገጠር ላሉ ተማሪዎች የሥዕል ትምህርት የሚውል ገንዘብ ማሰባሰብ እንፈልጋለን፣ ከየት እንጀምር ትሉኛላችሁ። ዕድሜዬን ሥዕል ሳስተምር ለኖርኩት ለእኔ ይህ ትልቅ ደስታ ነው። ስለዚህ ያየሁትን ልንገራችሁ፣ አንዳንዱ ባይጥማችሁም።

መጀመሪያ ብሩን አታስቡ፣ ሰውየውን አስቡ። እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ሐሙስ ከሰዓት ልጆቹን ሰብስቦ ወረቀት የሚያድላቸው ማነው? ስሙን ካላወቃችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ ካላወራችሁት፣ ገንዘብ መሰብሰብ አትጀምሩ። ብዙ ቅን ወጣቶች በሁለት መኪና ቀለም፣ ብሩሽ፣ ቲሸርትና ባነር ጭነው ሲሄዱ አይቻለሁ። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ይስላሉ፣ ይስቃሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ማታ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ይለጠፋል። በሳምንቱ ቀለሙ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ክፉ ሆኖ አይደለም። ንብረት ነው፣ በስሙ ፈርሞ ተረክቦታል፣ ካለቀ የሚተካለት እንደሌለ ያውቃል። ስለዚህ ይቆጥበዋል። ቀለሙም እዚያው ይደርቃል።

እስቲ አብረን እናስላ። 60 ልጆች ያሉበት አንድ ክፍል እንውሰድ። እያንዳንዱ ልጅ በሳምንት አንድ ሉክ ቢስል፣ በ40 የትምህርት ሳምንታት 2,400 ሉክ ይሆናል። አንድ እሽግ ኤ ፎር ወረቀት 500 ሉክ ነው። አምስት እሽግ በቃ። ባለ 12 ከለር አንዱን ፓኬት ለአራት ልጅ ብታካፍሉት 15 ፓኬት፣ በመንፈቁ ደግሞ አንዴ መተካት ነው። ይኼ መርካቶ ገብታችሁ በአንድ ሰዓት የምትገዙት ዕቃ ነው። ለአንድ ቀን ጉዞ በነዳጅ፣ በምሳና በቲሸርት የሚወጣውን ደምሩና ከዚህ ጋር አስተያዩት። ሃያ ጓደኛሞች ወር በገባ ቁጥር በቴሌብር ትንሽ ትንሽ ቢያዋጡና ለሦስት ዓመት ባያቋርጡ፣ ሆቴል ተከራይቶ ከሚደረግ የእራት ምሽት የበለጠ ሥራ ይሠራሉ ብዬ አምናለሁ። መምህሩ ወረቀቱ በየመንፈቁ እንደሚመጣ ካመነ ቁም ሣጥኑን አይቆልፍም።

ወንበር የሌለው ትምህርት ቤት ሥዕል ምን ያደርግለታል የሚላችሁ ሰው ይመጣል። አትቆጡት፣ ጥያቄው እውነት ነው። ወንበሩም ያስፈልጋል። ግን ከብት ጠባቂ ልጅ በሬ ሲስል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሻኛው ያለ ቦታው አይውልም፣ የቀንዱ አወጣጥ፣ የእንብርክኩ አቀማመጥ፣ ሁሉም ልክ ነው፣ ምክንያቱም ልጁ ያንን በሬ ከጠዋት እስከ ማታ ሲያየው ነው የሚውለው። መስክ ላይ በጭቃ ሠርቶታል፣ ወረቀት ላይ ግን ሞክሮት አያውቅም። ያ ልጅ አስተዋይ እንደሆነ የሚነግረው ሰው የለም። የክዋኔና የእይታ ጥበባት ትምህርት በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ አለ፣ ግን ዕቃውም የሠለጠነው መምህርም በሌለበት ክፍለ ጊዜው ለሌላ ትምህርት ይሰጣል።

ታላቁ ሠዓሊ ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ አንኮበር ነው የተወለዱት። በልጅነታቸው ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። ተሰጥኦዋቸውን አይተው ወደ ሥዕል እንዲያዘነብሉ ያበረታቷቸው እዚያ ያገኟቸው መምህራን ናቸው። ዛሬ አፍሪካ አዳራሽ ስትገቡ ያ ትልቅ የመስታወት ሥዕል ፊታችሁ ላይ አለ። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ደግሞ ቺካጎ ተምረው ተመለሱና በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ከፈቱ፣ ስንቱን ሠዓሊ አፈሩ። ልጆቹ ሁሉ ሠዓሊ ይሁኑ እያልኩ አይደለም። የሚያይ ዓይን ያለው አንድ መምህር አጠገባቸው ይኑር ነው የምለው። ገንዘባችሁም መጀመሪያ እሱ ላይ ይዋል። በክረምት አሠልጥኑት፣ የትርፍ ሰዓት ድካሙን ክፈሉት።

ሁሉንም ነገር ከከተማ ጭናችሁ አትሂዱ። ከሰል እዚያው አለ። ቀይ አፈር አለ፣ የግራር ሙጫ አለ፣ ሁለቱ ተዋህደው ቀለም ይሆናሉ። ከሁሉም በላይ ስፌት የሚሰፉ እናቶች አሉ። አንዲት እናት መሶብ ስትሰፋ ወረቀት ላይ የተነደፈ ነገር የላትም። ስንደዶዋን ይዛ፣ በአክርማ እየጠቀለለች፣ የአለላውን ቀለም በልቧ እየቆጠረች ነው ሐረጉን የምታወጣው። ክፍል ውስጥ ጋብዟት። ስትጋብዟት ግን እንደ ባለሙያ የሰዓት ክፍያዋን በጀት ውስጥ አስገቡ፣ አመስግኖ መሸኘት አይበቃም። ልጇ እናቱ አስተማሪ ሆና ጥቁር ሰሌዳው ፊት ስትቆም ማየቱ ብቻውን ትልቅ ትምህርት ነው።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችሁ ማገዝ ይፈልጋሉ፣ ከልባቸው ነው። ዋሽንግተንና ፍራንክፈርት ያሉ ወገኖች ሻንጣ ሙሉ የዘይት ቀለም ይልካሉ። የዘይት ቀለም ማቅጠኛ ይፈልጋል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ለ60 ልጅ ክፍል አይሆንም። ደፍራችሁ የሚያስፈልገውን ንገሯቸው። ጎፈንድሚ የሚባለው የኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ኢትዮጵያ ባለ የባንክ ሒሳብ ስለማይሠራ የሚከፍተው ውጭ ያለ ሰው ነው፣ ስለዚህ ብሩ በማን እጅ አልፎ፣ መቼ፣ የት እንደሚገባ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ። አገር ውስጥም ቢሆን በአንዳችሁ የግል አካውንት አይሰብሰብ። በትምህርት ቤቱ ሒሳብ ይግባ፣ ወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ ይወቀው፣ ደረሰኙ ሁሉ ላዋጣው ሰው ይታይ። ከተመዘገበ ድርጅት ጋር ከሠራችሁ ደግሞ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶችን አዋጅ ቁጥር 1113/2011ን አንብቡ። የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል፣ እናንተም በዚያው ልክ ጠይቁ።

ስለ ፎቶ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የተቀደደ ልብስና ባዶ እግር እያሳያችሁ ብር አትጠይቁ። ያ ልጅ ነገ ስልክ ይይዛል፣ ራሱን ያገኘዋል። ሥዕሉን አሳዩ። ሥዕሉ ራሱ ይለምናል፣ ያውም በክብር።

ወቅቱንም ዕወቁ። ኅዳርና ታኅሣሥ አዝመራ ነው፣ ልጆቹ ማሳ ላይ ናቸው። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጀት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር እንዲያግዛችሁ ከፈለጋችሁ ሚያዝያ ላይ በራቸውን አንኳኩ።

ገንዘቡንም የልጆቹ ሥራ ሊያመጣው ይችላል። እንቁጣጣሽ ሲመጣ ወንዶች ልጆች ሥዕል ስለው በየቤቱ የሚያዞሩት ባህል አለን አይደል? እሱን ያዙ። ሥዕሎቹን ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ምረጡ፣ ወላጆችን አስፈቅዱ፣ ፎቶ አንሥታችሁ ለካርድ አዘጋጁ። ማተሚያ ቤቶች በዓሉ ሲቃረብ ስለሚጨናነቁ ሐምሌ ላይ ስጧቸው። ጳጉሜ ውስጥ ለመሥሪያ ቤቶች፣ ለካፌዎች፣ ለሰፈር ሰው ሽጡ። ዋናውን ሥዕል ግን እንዳትሸጡት፣ ለልጁ መልሱለት፣ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጥፈው።